ኳስን መሳትና ፍርድን መሳት

«ሳተ» የሚለውን ግሥ አማርኛ ለብዙ ነገር ያውለዋል። አዳኝ ዒላማውን ሲያጣ ሳተ እንላለን፤ መንገደኛ ከጐዳናው ሲወጣ መንገድ ሳተ እንላለን፤ በሽተኛ ራሱን ሳተ ይባላል፤ ከእውነት የራቀውን ወይም በምግባሩ የጐደለውንም ሰው በዚያው ቃል እንጠራዋለን። «ስሕተት» የተባለውም ስም የተገኘው ከዚሁ ሥር ነው። የጥንት ግሪኮችም ቀስተኛ ዒላማውን መሳቱንና ሰው በሥራው መበደሉን በአንድ ግሥ ይናገሩ ነበር። እንዲህ ያለው አነጋገር ጥበብ አለበት፤ ሰው ሁሉ ሊደርስበት የሚገባው ግብ እንዳለው ያስታውሳልና። አደጋም አለበት፤ እጁ የሳተበትንና ልቡ የሳተበትን ሰው በአንድ ሚዛን እንድናስቀምጥ ይገፋፋልና። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ይህን አደጋ ነው። ምሳሌ የምናደርገውም የፑል ጨዋታን፣ ይልቁንም ተመልካቾች ከቡድን ግጥሚያ በኋላ ስለ ተሳተ ኳስና ስለ ተመረጠ ስልት የሚያደርጉትን ክርክር ነው።

ምሳሌውን ከፑል ማምጣታችን ለአንዳንድ አንባብያን እንግዳ ሊሆን ይችላል። በከተሞቻችን ፑል ቤት ሥራ የፈቱ ሰዎች መዋያ ተደርጎ ይቈጠራል፤ ብዙ ወላጆችም ልጆቻቸው በዚያ በር እንዳይታዩ ይቈጣሉ። ያ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለ ሆነ እዚህ አንገባበትም። ጨዋታው በሙያ ደረጃ ሲታይ ግን ረጅም ልምምድን፣ የእጅን ትክክለኛነትና የልብን ርጋታ አጥብቆ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ከታወቁት የቡድን ውድድሮች አንዱ የሞስኮኒ ዋንጫ ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1993 ካረፈው ከታላቁ አሜሪካዊ ተጫዋች ከዊሊ ሞስኮኒ ነው። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1994 በእንግሊዝ አገር ተጀምሮ የአውሮጳና የአሜሪካ ቡድኖች በየዓመቱ ይገናኙበታል። የሚጫወቱት «ዘጠኝ ኳስ» የተባለውን ዐይነት ነው። ኳሶቹ ከ1 እስከ 9 ቁጥር አላቸው፤ ነጯ ኳስ ሁልጊዜ በጠረጴዛው ላይ ከቀሩት መካከል ትንሹን ቁጥር አስቀድማ መንካት አለባት፤ ዘጠኝ ቁጥርን በሕጉ መሠረት ቀዳዳ ያስገባ ያንን ዙር ያሸንፋል። የሳተ ሰው ተራውን ለባላጋራው ይለቃል። ለአንድ ምት የሚሰጠው ጊዜም በመደበኛው 30 ሰከንድ ነው።

ፑል በባሕርዩ የብቸኛ ሰው ጨዋታ ነው። በእግር ኳስ ሜዳ ዐሥራ አንድ ሰዎች ስለሚሯሯጡ የአንዱ ጉድለት በሌላው ሩጫ ይሸፈናል። በፑል ግን አንዱ ጐንበስ ብሎ ሲመታ የቀሩት ጓደኞቹ ተቀምጠው ያያሉ፤ ሊረዱት የሚችሉበት መንገድ የለም። እንዲህ ያለው ጨዋታ በቡድን ሲሆን አንድ እንግዳ ነገር ይፈጠራል፤ ብቻውን የሚመታ ሰው ስለ ብዙዎች ይመታል፤ ሲስትም በብዙዎች ስም ይስታል። የሞስኮኒ ዋንጫ ተመልካች ደግሞ እንደ ሌላው የዱላና የኳስ ጨዋታ ተመልካች ጸጥ ብሎ የሚቀመጥ አይደለም፤ ይዘፍናል፣ ይጮኻል፣ በባላጋራው ላይ ያፏጫል።

ግጥሚያው ካለቀ በኋላ ክርክሩ ይጀመራል። አንዱ፦ «ሰባት ቁጥርን ለማስገባት መሞከር አልነበረበትም፤ ነጯን ከሌላ ኳስ ጀርባ ደብቆ ተራውን ቢለቅ ይሻል ነበር» ይላል። ሌላው፦ «ምርጫውስ ትክክል ነበረ፤ የከዳው እጁ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው፦ «ጥፋቱ የቡድኑ መሪ ነው፤ የተሸበረን ሰው በዚያ ሰዓት ለምን አሰለፈ?» ይላል። ሦስቱም ስለ አንድ ነገር የሚከራከሩ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን አንዱ ስለ ምርጫ፣ ሁለተኛው ስለ እጅ፣ ሦስተኛው ስለ አመራር ነው የሚናገረው። ክርክሩ ሌሊቱን ሙሉ መቋጫ የሚያጣውም ስለዚህ ነው።

አስቀድመን እጁን እንመልከት። የጠረጴዛው መጫወቻ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ54 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱም የዚያ እኩሌታ ነው። የኳሷ ስፋት ከ57 ሚሊ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ የጥጉ ቀዳዳ አፍ የሁለት ኳሶችን ስፋት ያህላል፤ አንዳንዴም ከዚያ ይጠብባል። እንግዲህ አንዲት ኳስ ከቀዳዳው አንድ ሜትር ተኩል ርቃ፣ ነጯም ከእርሷ አንድ ሜትር ርቃ፣ ሁሉም በአንድ ቀጥተኛ መሥመር ላይ ናቸው እንበል። ከዚህ የቀለለ ምት በሩቅ ለሚያይ ሰው ያለ አይመስለውም። ሆኖም ነጯ ኳስ ያን አንድ ሜትር ተጉዛ ስትደርስ ከታሰበላት መሥመር ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም ባልበለጠ ብታዘነብል፣ የተመታችው ኳስ ከቀዳዳው አፍ ውጭ ታርፋለች። ይህን የሚያደርገው ደም የሚዘዋወርበት፣ ልቡ የሚመታ፣ በጀርባው ሺህ ሰው የሚጮኽበት ሰው ነው። ስለሆነም ኳስ መሳት ብቻውን የስንፍና ወይም የቸልተኝነት ማስረጃ አይሆንም። ከሁሉ የበለጠው ተጫዋች እንኳ ይስታል፤ ልዩነቱ ከሌሎቹ ያነሰ መሳቱ ነው።

ምርጫውስ? እዚህ ላይ ነገሩ ይጠልቃል። አንድ ተጫዋች ሁለት መንገድ አለው እንበል። አንደኛው ከባዱን ኳስ ለማስገባት መሞከር ነው፤ ይህ ከዐሥር ጊዜ ስድስቱን ይሳካለታል፤ ከተሳካለት ዙሩን ያሸንፋል፤ ካልተሳካለት ይሸነፋል። ሁለተኛው ነጯን ደብቆ ተራውን መልቀቅ ነው፤ በዚህም መንገድ ከዐሥር ጊዜ አምስቱን ያሸንፋል። አስተዋይ ሰው የትኛውን ይመርጣል? የመጀመሪያውን እንደሆነ ግልጽ ነው። ነገር ግን ከዐሥር ትክክለኛ ምርጫዎቹ አራቱ በሽንፈት ይፈጸማሉ፤ በእነዚያ በአራቱ ጊዜያትም «ምን አስቸኰለው? ለምን አልተከላከለም?» የሚል አይጠፋም። ነገሩን ገልብጠን እንየው። ከዐሥር ሦስት ጊዜ ብቻ የሚገባውን ኳስ በድፍረት የመታ ሰው ምርጫው የተሳሳተ ነው፤ ግን በእነዚያ በሦስቱ ጊዜያት ሰዉ ተነሥቶ ያጨበጭብለታል፣ ጀግና ይለዋል። እንግዲህ ውጤቱን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው አስተዋዩን ይወቅሳል፣ ደፋሩን ያመሰግናል፤ ነገ ደግሞ ውጤቱ ሲገለበጥ ፍርዱን ይገለብጣል። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ያሉት ለዚህ ዐይነቱ ፍርድ ሳይሆን አይቀርም። ኳሷ ከቆመች በኋላ የሚያውቀው ተመልካች፣ ኳሷ ሳትንቀሳቀስ የመረጠውን ተጫዋች ሊመዝነው የሚችለው የዚያን ጊዜ በነበረው ዕውቀት ብቻ ነው። ሠላሳው ሰከንድ ገና እየቈጠረ ሳለ በተጫዋቹ ስፍራ መቆም አለበት። ይህ ግን ራስን ማስገደድ ይጠይቃል፤ አንዴ የታወቀን ነገር እንዳልታወቀ አድርጎ ማሰብ ለአእምሮ እጅግ ከባድ ነውና።

በቡድን መሪዎች ላይም ያው ይደርሳል። ኔዘርላንዳዊው ዮሃን ራይሲንክ የአውሮጳን ቡድን እየመራ ደጋግሞ ካሸነፈ በኋላ የአሜሪካን ቡድን እንዲመራ ተጠራ። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ በእርሱ መሪነት 11 ለ 4 ተሸነፈች። በ2018 በለንደን 11 ለ 9 አሸነፈች፤ ለስምንት ዓመታት ያህል ሳይቋረጥ የቆየውም የአውሮጳ ድል በዚያ ተገታ። በ2019ም በእርሱ መሪነት 11 ለ 8 ደገመች። በ2017 ሰነፍ መሪ፣ በ2018 ሊቅ ነበረን? ሰውዬው አንድ ነው፤ ዐሳቡም በአንድ ዓመት ውስጥ ከሥሩ ተለወጠ ለማለት ይከብዳል። 11 ለ 9 ማለት ደግሞ ጥቂት ኳሶች ወዲህ ወይም ወዲያ ቢንከባለሉ ሌላ ስም የሚያሰጥ ውጤት ነው።

ጨዋታውን በሚገባ የሚያውቁ ተመልካቾች የተሳተችውን ኳስ ብዙም አይመለከቱም፤ የሚመለከቱት ከእርሷ በፊት የነበረውን ምት ነው። በዘጠኝ ኳስ ጨዋታ ትልቁ ጥበብ ኳስን ማስገባት ሳይሆን፣ ነጯን ኳስ ለሚቀጥለው ምት በሚያመች ስፍራ ማቆም ነውና። ሰባት ቁጥር የተሳተው ነጯ ከጠርዙ ተጠግታ ስለ ቆመች ነው፤ ነጯ ከጠርዙ የተጠጋችው ስድስት ቁጥር ከመጠን በላይ በኀይል ስለ ተመታ ነው፤ ያም የሆነው ነጯ ቀድሞ በአምስት ቁጥር ላይ ጥሩ መንገድ ስላላገኘች ነው። እንዲህ እያሉ ወደ ኋላ ሲቈጥሩ እስከ መክፈቻው ምት ይደርሳሉ፤ ከዚያም ወዲያ በልምምድ ቤት ያለፉ ዓመታት አሉ። ምክንያትን አጥብቆ የሚፈልግ ሰው ወቀሳው በእጁ ላይ እየሟሟ ሲሄድ ያያል። ጨርሶ ይሟሟል አንልም፤ ግን አንድን ሰው በአንድ ቅጽበት ከሶ ማቆም እንደማይቻል ይገባዋል።

በጥንድ ጨዋታ ሲሆን ነገሩ የበለጠ ያሳስባል። ሁለት ጓደኞች ምት በምት የሚፈራረቁበት ዐይነት ጨዋታ አለ። አንደኛው ስድስትን ያስገባል፤ ነጯን ግን በክፉ ቦታ ይተዋታል፤ ተራው የጓደኛው ይሆንና ሰባትን ይስታል። አዳራሹ «ሳተ» ብሎ የሚያጉረመርመው በሁለተኛው ላይ ነው። ሁለቱ ግን ያውቃሉ። ይህን ጊዜ የመጀመሪያው ምን ማድረግ ይገባዋል? ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዝም ሊል ይችላል፤ ማንም አይጠይቀውም፤ ዝምታው ውሸት አይባልም። ይሁን እንጂ በዚያ ዝምታ ውስጥ የጓደኛው ያልሆነ ሸክም በጓደኛው ጫንቃ ላይ ሲጫን እያየ ነው። በእኛ አስተያየት በዚያ ግጥሚያ ላይ እውነተኛ የምግባር ጥያቄ ካለ የሚገኘው ኳሷ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው፤ በውጤት ሰሌዳ ላይም አይጻፍም። «ክፉ ቦታ የተውኩልህ እኔ ነኝ» ብሎ በሰው ፊት የሚናገር ጓደኛ ቡድኑን አንድ ነጥብ አያስጨምረውም፤ ቡድን የሚያደርገው ግን እርሱ ነው። «በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» በሚባልበት ዓለም ምሳሩን የሚይዝለት አንድ ሰው ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ በአምስተኛው ክፍል ሰው በሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ይከፋፍለዋል። ከሚጠበቀው ውጭ የደረሰ ጉዳት ክፉ አጋጣሚ ነው፤ ሊጠበቅ የሚችል ሆኖ ሳለ ያለ ክፋት የተደረገ ስሕተት ነው፤ እያወቁ ያደረጉት ግን በደል ነው። ይህ አከፋፈል ለተመልካቾቻችን ክርክር ጥሩ መስፈሪያ ይሆናል። በኳሷ ላይ የቀረ የጠመኔ ብናኝ ኳሷን ከመንገዷ ካወጣት ክፉ አጋጣሚ ነው። ተጫዋቹ ማዕዘኑን በሚገባ ሳያጤን ቸኵሎ ከመታ ስሕተት ነው፤ ይህንንም ስሕተት ብሎ መጥራት ስድብ አይደለም። ሳይለማመድ የመጣ፣ ጓደኛውን በመናቅ የመሪውን ምክር ያልሰማ፣ ወይም ከሁሉ የከፋው፣ ለገንዘብ ብሎ ዐውቆ የሳተ ሰው ግን በድሏል። ሦስቱም ኳሶች ከቀዳዳው አፍ ውጭ ነው የሚቆሙት። ከወንበራችን ሆነን ስናያቸው ልዩነት የላቸውም።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ተመልካቹ ራሱ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። ባላጋራው ጐንበስ ባለበት ቅጽበት ሆን ብሎ የሚጮኽ ሰው አለ፤ ያ ተጫዋች ሲስት ግን «ልብ የለውም፣ ጭንቀት ይፈራል» ብሎ የሚፈርደው ያው ሰው ነው። የድርጊቱ ተካፋይ ሆኖ ሳለ ዳኛም ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ጩኸት የዚያ ውድድር ጠባይ ሆኗል፤ ተጫዋቾቹም ይህን ዐውቀው ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ያለ ተመልካች ሲደረግ አውሮጳ 11 ለ 3 አሸነፈች፤ በዚያም ጸጥታ ውስጥ ኳስ መሳቱ አልቀረም። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ለጩኸት መስጠትም ልክ አይሆንም። ግን የጮኸ ሰው ቢያንስ ከፍርድ ወንበር ላይ ሊነሣ ይገባዋል።

እንግዲህ መከራከር ይቅር ማለታችን ነውን? አይደለም። ተጫዋቾቹ ራሳቸው ከግጥሚያ በኋላ ተቀምጠው እያንዳንዱን ምት ይመረምራሉ፤ ሥራቸውን የሚያሻሽሉት በዚህ ነው። የተመልካቹም ክርክር ከጨዋታው ፍቅር የሚመነጭ ነው፤ ባላየው ነገር ላይ የሚከራከር የለምና። ከዚህም በላይ፣ በጥንቃቄ ከተደረገ፣ «በዚያ ስፍራ እኔ ብሆን ምን እመርጥ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የማስተዋልን ትምህርት ይማራል። ስለ ምቱ ዝም በሉ የሚል ሰው ትሕትናን ከስንፍና ጋር አደባልቆታል።

ችግሩን የሚፈታልን ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ይመስለናል። ስለ ፍርድ በጻፈው ክፍል ትክክለኛ ፍርድ ከፍትሕ ፍቅር መውጣት፣ ሥልጣን ባለው ሰው መሰጠትና በእርግጠኛ ማስተዋል መመራት እንዳለበት ይናገራል፤ ተመልካች ከእነዚህ ከሦስቱ ስንቱን እንደያዘ ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው። ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ቀጥሎ የሚያደርገው ልዩነት ነው፤ ስለ ነገር መፍረድ ሌላ፣ ስለ ሰው መፍረድ ሌላ ነው ይላል። ስለ ነገር ስንፈርድ ነገሩ በእኛ ፍርድ አይጐዳም፤ ስለዚህ እንዳለው አድርገን በእውነት ልንመዝነው ይገባል። ስለ ሰው ስንፈርድ ግን የሚፈረድበት ሰው አለ፤ ስለዚህ ነገሩ አጠራጣሪ ሲሆን ወደ ደጉ መተርጐም ይገባል። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ደጋግሞ ሊታለል እንደሚችል ቅዱስ ቶማስ አልካደም፤ ክፉውን ሰው ደግ ነው ብሎ ብዙ ጊዜ መሳሳት፣ ደጉን ሰው ክፉ ነው ብሎ ጥቂት ጊዜ ከመሳሳት እንደሚሻል ግን ያስረዳል፤ በኋለኛው የሚጐዳ ሰው አለና። ይህን ወደ ጠረጴዛችን ስናመጣው መንገዱ ግልጽ ይሆናል። ምቱን እንዳሻችሁ ምርመሩት፤ ማዕዘኑን፣ ኀይሉን፣ ምርጫውን ያለ ርኅራኄ ተቹት፤ ምት አይከፋውም። «ስለዚህ እርሱ ፈሪ ነው፣ ስለዚህ እርሱ ለቡድኑ አያስብም» የምትለዋ ቃል ግን ከነገር ወደ ሰው የተሻገረች ናት፤ ያን ወንዝ ለመሻገር የሚያበቃ ማስረጃ አንዲት የተሳተች ኳስ አትሰጥም።

ይህን ሁሉ ብለን አንድ ነገር ይቀራል፤ እርሱም የሳተው ሰው ራሱ ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1976 ባቀረበው ጽሑፍ ያለ አንዳች ጥፋቱ ሕፃን ስለ ገጨ የጭነት መኪና ነጂ ያነሣል። ከዳር የቆመ ሰው ሁሉ ያዝናል፤ የነጂው ሐዘን ግን ከእነርሱ ሐዘን የተለየ ነው፤ ያን ነገር ያደረገው እርሱ ነውና። «ጥፋት የለብህም» ብለን ብናጽናናው ልክ ነን፤ እርሱ ግን ወዲያው «እውነት ነው፣ የለብኝም» ብሎ ቢሄድ ቅር ይለናል። ኳስ መሳት ከዚያ ዐይነት መከራ ጋር አይወዳደርም፤ የነገሩ አቋም ግን ያው ነው። ለአራት ጓደኞቹ የመታና የሳተ ሰው ምርጫው ትክክል፣ ልምምዱም የተሟላ ቢሆን እንኳ «ሳትሁ» ይላል፤ መሪውን ቀና ብሎ ለማየት ይከብደዋል። ይህን ስሜት ሞኝነት ነው ብለን ልንነጥቀው አይገባም፤ ጓደኞቹ የእርሱ ጉዳይ መሆናቸውን የሚያሳየው ይኸው ነው። ስለዚህም «ምንም አይደል» የሚለው ማጽናኛ ብዙ ጊዜ ከልብ አይገባም፤ ለእርሱ ምንም አይደለም ማለት አይደለምና። ልምድ ያላቸው ቡድኖች ብዙ አይናገሩም፤ ሲመለስ ትከሻውን መታ ያደርጉታል፣ አጠገባቸው ያስቀምጡታል፣ ቀጣዩን ግጥሚያ አብረው ያያሉ።

እንግዲህ ሰዋስው እንኳ እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተምረናል ማለት ነው። «ሳትሁ» እና «ሳተ» የአንድ ግሥ ሁለት መልኮች ናቸው፤ የሚሸከሙት ግን እኩል አይደለም። የመጀመሪያውን ሰው ስለ ራሱ ሲናገረው ሙሉ ክብደቱን ሊሰጠው ይችላል፤ ጸጸቱንም፣ ለወዳጆቹ ያለውን ዕዳም ሊያስገባበት መብት አለው። ሁለተኛውን ስለ ሌላው ስንናገረው ግን ኳሷ ከቀዳዳው ውጭ እንደ ቀረች ከመናገር በላይ እንዲሸከም ልናደርገው መብት የለንም። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ለራሱ «ኳሷ እንቢ አለች» ይላል፣ ለሌላው «ሳተ» ይላል።

ከተሳቱ ኳሶች ሁሉ ምናልባት ብዙ ዐይን ያያት አንዲት ጥቁር ኳስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1985 በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ የዓለም የስኑከር ሻምፒዮና ፍጻሜ ይደረግ ነበር፤ ስኑከር በትልቅ ጠረጴዛ የሚጫወቱት የፑል ዘመድ ነው። ስቲቭ ዴቪስ ያን ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ነበረ። ዴኒስ ቴይለርን 8 ለ 0 ከመራ በኋላ ቴይለር ቀስ በቀስ ደርሶበት 17 ለ 17 ሆኑ። የመጨረሻው ጨዋታ እስከ መጨረሻዋ ኳስ ሄደ፤ ጥቁሯን ያስገባ የዓለም ሻምፒዮን ይሆናል። ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት አልፎ ነበር፤ በብሪታንያ ብቻ 18 ሚሊዮን ተኩል ሰው በቴሌቪዥን ያይ ነበር። ዴቪስ በስሱ ነክቶ ወደ ጥጉ ሊልካት የሚችል ዕድል አገኘ፤ ከሚገባው በላይ አሳሳትና ከቀዳዳው አፍ አለፈች። ቴይለር አስገባት። በዚያ ረጅም ግጥሚያ ውስጥ ቴይለር ከዴቪስ የቀደመው በዚያች በአንዲት ኳስ ብቻ ነው።

ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1987፣ በ1988 እና በ1989 እንደገና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ከቀደሙት ጋር ስድስት ጊዜ መሆኑ ነው። ሞስኮኒ ዋንጫ ሲጀመርም ከአውሮጳ ቡድን ጋር ተሰልፎ ለብዙ ዓመታት ፑል ተጫወተ። እ.ኤ.አ. በ2002 በለንደን የአውሮጳ ቡድን 12 ለ 9 ሲያሸንፍ፣ ከአሜሪካዊው ከኧርል ስትሪክላንድ ጋር ወሳኙን ግጥሚያ አድርጎ ለጓደኞቹ ድሉን ያስገኘው እርሱ ነበረ። ይህን የሚያስታውሱት የጨዋታው ወዳጆች ናቸው፤ ጥቁሯን ኳስ ግን ጨዋታውን የማያውቁትም ያስታውሷታል። እ.ኤ.አ. በ2010፣ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ፣ ዴቪስና ቴይለር በዚያው አዳራሽ ዳግመኛ ተገናኝተው ያንን የመጨረሻ ጨዋታ ለተመልካቹ ደስታ በትርኢት መልክ ደገሙት። አዳራሹም በሳቅ ተሞላ።